የጎንደር ሰው ወደ ባሕር ሲነሣ

“ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል” ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን የተናገረው ደገኛ ዓባይን አይቷል፤ ዓባይ ሄዶ የሚጠፋበትን ባሕር ግን አላየም። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች የተወለደ ሰው ባሕርን የሚያውቀው ከዳዊቱና ከድርሳኑ፣ ደግሞም ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ፈርዖን ከነሠረገላው ሲሰጥም፣ ጴጥሮስ በማዕበል ላይ ሲፈራ። ጣናንም “ባሕር” ብሎ የሚጠራው ከዚያ የሚሰፋ ውኃ ስላልገጠመው ነው።

ስለ ጎንደር ሲጻፍ ግንቡ ይወሳል፤ ጥምቀቱ፣ ቅኔ ቤቱ፣ አቋቋሙ ይወሳል። የሚገባም ነው። ይሁን እንጂ ከዚህች ባሕር አልባ ከተማ ወደ ባሕር፣ ከባሕርም ማዶ ወዳለው ቀዝቃዛ ዳርቻ ለመድረስ ስለተወጠኑት ጉዞዎች የሚያወሳን ጥቂት ነው። ነገሥታቱ ወጥነዋል፣ መኳንንቱ ወጥነዋል፣ ስንቅ ተሰንቋል፣ እጅ መንሻ ተጭኗል፣ ደብዳቤ ታትሟል። ከውጥኖቹ የተፈጸሙት ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉም ርቆ የሄደው ተጓዥ ግን ጉዞውን ያልወጠነና ያልተጠየቀ ሕፃን ነበር። የዚህች ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ ታሪኩ የሁለት አገር ታሪክ ነውና።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ። ከጎንደር ተነሥቶ ባሕር ለመድረስ የሚያስብ ሰው ከገንዘቡ በፊት የሚያሰላው ወቅቱን ነበር። ክረምት ከገባ ተከዜ ይሞላል፤ ተከዜ ከሞላ ወደ ትግራይና ወደ ምጽዋ የሚያወርደው መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው መስቀልን በቤቱ ውሎ፣ ወንዙ እስኪጎድል ታግሦ፣ በሶውንና ቋንጣውን ሸክፎ፣ ድርቆሹን ቋጥሮ ከብዙ ጓደኛ ጋር ይነሣል። ዳባትንና ደባርቅን አልፎ የሊማሊሞን ገደል ሲወርድ ማለዳ የተከናነበውን ጋቢ ቀትር ላይ ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ከዚያ የቆላው ንዳድ፣ ከዚያ ተከዜ፣ ከዚያ ሽሬና ዐድዋ፣ በየኬላውም ቀረጥ አለ። ቀረጡን በአሞሌ ይከፍላል፤ በኋለኛው ዘመን በማርትሬዛ ብር። ይህን ሁሉ ተሻግሮ ከደጋው ጫፍ ቁልቁል ሲመለከት ባሕሩን ያያል። ከባሕሩ በር ላይ ግን ሌላ ሰው ቆሟል፤ ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበረችና።

ይህን በር በሚመለከት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዐፄ ፋሲል የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ያስከተለውን የሃይማኖት ደም መፋሰስ ካዩ በኋላ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ፍራንክ የተባለ ሁሉ ተመልሶ እንዳይገባ ከምጽዋና ከሱአኪን ፓሻዎች ጋር ተስማሙ። በሩ ከውጭ በኩል ተዘጋ፤ ቁልፉም በሌላ እጅ ቀረ። ያን ጊዜ ውሳኔው አገርን ያሳረፈ ነበር። ዳሩ ግን ቁልፍ በሰው እጅ ያለበትን በር መዝጋት እንጂ መክፈት አይቻልም፤ ይህንንም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የነገሠ ሌላ ንጉሥ በራሱ ላይ ሲደርስ አየው።

ፋሲል በሩን በአውሮፓ ላይ ዘጉ እንጂ በዓለም ላይ አልዘጉም። በ1660ዎቹ ወደ ሕንዱ ሞጎል ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች ላኩ፤ አንደኛው እስላም ነጋዴ፣ ሁለተኛው ሙራድ የተባለ የሐለብ አርመን። ያን ጊዜ በደልሂ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፍራንሷ በርኒዬ እጅ መንሻውን መዝግቦልናል፤ ፈረሶች፣ የዝሆን ጥርስ፣ በበሬ ቀንድ የተሞላ ዝባድ፣ አንዲት የሜዳ አህያ፣ ወጣት ባሮችም። የሜዳ አህያዋ በመንገድ ሞታ ቆዳዋ ብቻ ደረሰ። ሱራት ወደብ ሲደርሱ ደግሞ የማራታው አለቃ ሺቫጂ በ1664 ከተማዪቱን ዘረፈ፤ የኛዎቹም ከዝርፊያው አላመለጡም። ተራቁተው ደልሂ ገቡ። ሙራድ ግን መንገድ የማይሰለቸው ሰው ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊና በልጃቸው በታላቁ ኢያሱ ዘመን ደግሞ ደጋግሞ ተልኮ፣ ሆላንዶች እስከሚገዟት እስከ ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ ደረሰ። የጎንደርን ደብዳቤ ይዞ በጃቫ ደሴት የሚመላለስ አርመን! በሐሳቤ ስከተለው ይደንቀኛል።

ወደ ቀዝቃዛው ዳርቻ የተወጠነው የመጀመሪያው የጎንደር ጉዞ የተነሣው በኢያሱ ዘመን ነው። ንጉሡ ታመው ሐኪም አስፈለጋቸው፤ ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ በሰኔ 1698 ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል በሐምሌ 1699 ጎንደር ገባ። ንጉሡን አክሞ በግንቦት 1700 ሲመለስ፣ ኢያሱ የአዛውንቱን የሙራድን የወንድም ልጅ፣ ስሙም ሙራድ የሚባለውን፣ ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ ወደ ሉዊ 14ኛ መልእክተኛ አድርገው ሾሙ። እጅ መንሻው ፈረስ፣ ግልገል ዝሆንና ኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። ዝሆኑ ባሕር ሳይሻገር ሞተ። ሙራድ ካይሮ ሲደርስ የፈረንሳዩ ቆንስል ደ ማዬ “በእውነት የንጉሥ መልእክተኛ ነህን?” እያለ ሲመረምረው ከረመ፤ ፓሪስንም ሳያይ ቀረ። በምትኩ ፈረንሳዮች ዱ ሩል የተባለ መልእክተኛ ወደ ጎንደር ላኩ፤ እሱም በ1705 ስናር ላይ ተገደለ። በማግሥቱ ዓመት ኢያሱ ራሳቸው ተገደሉ። ውጥኑ በሁለቱም ጫፍ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ዘመነ መሳፍንት መጣ። ሁሉም የየራሱን ጋራ በሚጠብቅበት በዚያ ዘመን አንድ የሰሜን ሰው ወደ ባሕር የሚደርስ ጉዞ ወጥኖ ፈጸመ፤ የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ። ለአገሪቱ ጳጳስ ያስፈልግ ነበርና በ1841 ካህናትና መኳንንት ያሉበት ጉባኤ ወደ ግብፅ ላኩ፤ መሪው የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ዮስጦስ ደ ያቆቢስ ነበር። መልእክተኞቹ ካይሮ ደርሰው ጳጳሱን ካገኙ በኋላ ከፊሎቹ የሜዲትራኒያንን ባሕር ተሻግረው ሮማ ገቡ፤ ከጳጳሱ ከጎርጎርዮስ 16ኛ ፊትም ቆሙ። ወደ አገራችን የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ናቸው። ውቤ ደግሞ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ላይ፣ ለራሳቸው ንግሥ የሚሆን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1855 ውቤን ድል ነሣቸው፤ በሁለተኛውም ቀን ውቤ ባሠሩት ደብር፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብቶ “ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት” ተባለ። አንዱ የወጠነውን ጉዞ ፍሬ ሌላው በላው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በሚያዝያ 1861 ወንድ ልጅ ተወለደና ዓለማየሁ ተባለ። እንግዲህ ይህ ልጅ በአባቱ የቋራ፣ በእናቱ የሰሜን ነው። ስሙን አንባቢ ይያዝልኝ።

ቴዎድሮስ ገና እንደነገሡ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ በጻፈው ዘገባ፣ ንጉሡ ወደ ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ልከው እንደ እኩያ ሊነጋገሩ እንደሚያስቡ ገልጿል። ውጥኑ እንግዲህ ከደብዳቤው በሰባት ዓመት ይቀድማል። ፕላውደን በ1860 ከጎንደር ወጣ ብሎ በሽፍቶች ቆስሎ ተማረከ፤ የጎንደር ነጋዴዎች አንድ ሺህ ብር ከፍለው አስለቀቁት፤ ነገር ግን ከቁስሉ አልዳነም። በዚያው ዓመት ወዳጁ ጆን ቤል ለንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ። ባሕር ማዶውን ለንጉሡ የሚያወሩላቸው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ሄዱ።

በጥቅምት 1862 መጨረሻ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በብዙ መጻሕፍት ታትሟል፤ ብዙ ሰው የሚያነበው ግን እንደ ቁጣ መቅድም ነው። እኔ ሳነበው በመጀመሪያ የሚታየኝ የመንገደኛ ደብዳቤነቱ ነው። ንጉሡ ፕላውደንና ቤል ስለ ታላቋ ክርስቲያን ንግሥት ይነግሯቸው እንደነበር ይገልጻሉ፤ በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን እጅ የመጣላቸውን ስጦታ ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። መልእክተኛና እጅ መንሻ ለመላክ ፈልገዋል፤ ባሕሩን ግን ቱርክ ይዞታል፤ ሰዎቻቸው በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ይጠይቃሉ። ሰው ሁሉ ያስፈራራ ነበር ብሎ የሚያስበው ቴዎድሮስ በዚህች ደብዳቤ የሚለምነው የማለፊያ ወረቀት ነው።

ደብዳቤው ለንደን የደረሰው የካቲት 12 ቀን 1863 ነው። ሦስት ወር ተኩል! ለዚያ ዘመን ፈጣን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት እንደኔ ላለ በጽሕፈት ሥራ ለሚያድር ሰው አይከብድም። ወረቀት በመዝገብ ይገባል፤ አንዱ ክፍል “ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም” ብሎ ለሌላው ይመራል፤ ሌላውም ከላይ ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ያስቀምጠዋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ግን አልመለሰም። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተመርቶ መልስ ሳይጻፍበት ተቀመጠ። ደረስጌ ላይ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ግን ዝምታን የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ንቀት ነው።

በጥር 1864 ካሜሮን ታሰረ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በዚያው ዓመት ሐምሌ ምጽዋ ደረሰ፤ የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀም በዚያው በር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ከቴዎድሮስ ፊት የቆመው በጥር 1866 ነው። አሁን ደግሞ ደጁን የዘጉት ንጉሡ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ ሚሲዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ ለንደን ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ሄደ፣ ንግሥቲቱን አገኘ፣ ተመለሰም። ባለሙያዎቹ ግን ምጽዋ ድረስ መጥተው እስረኞቹ ሳይፈቱ አንሄድም ተብለው ከዚያው ተመለሱ። እንዲህ ሆነና የቴዎድሮስ ቃል ባሕር የተሻገረው በባዕድ አፍ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉሡ ጎንደርን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ይህን የምጽፈው ከዚያ እሳት በተረፈችው ከተማ ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ስለ ቴዎድሮስ ሳዝንም ስወቅሳቸውም ሁለቱንም ከልቤ ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪክ ተገለበጠ። ወደ ባሕሩ መውረድ ያልተቻለውን ንጉሥ ባሕሩ ራሱ ወጥቶ መጣበት። ከ1867 መገባደጃ ጀምሮ ከቦምቤይ የተነሡ መርከቦች በዙላ ጠረፍ፣ በጥንቷ አዱሊስ አጠገብ፣ ጦር አራገፉ፤ ድልድይ ወደ ባሕር ዘረጉ፣ የባቡር ሐዲድ አነጠፉ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና ሎሌ፣ 44 ዝሆንም ነበረው። የኢያሱ ግልገል ዝሆን ወደ ባሕር ሲወርድ በመንገድ ሞቶ ነበር፤ አሁን አርባ አራቱ ከባሕር ወደ ደጋ መድፍ ተሸክመው ወጡ። እንግሊዝ ለዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣች። ገንዘብ መቁጠር ሥራዬ ነውና ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ከአንዲት ያልተጻፈች ገጽ ጋር አመዛዝነዋለሁ። አንድ ገጽ መልስና ለጥቂት መንገደኞች የመርከብ ቦታ ስንት ይፈጅ ነበር?

ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሽጉጡ ከንግሥቲቱ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ከእንግሊዝ ወደ እሳቸው የደረሰው እሱ ነው፤ ከእሳቸው ወደ እንግሊዝ የሄደው ደግሞ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ የብራናው ክምር፣ እና የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ ታመው በግንቦት ወር በትግራይ አረፉ፤ ጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ሕፃኑ ብቻውን ቀረ። ሞግዚት የሆነው ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ልጁም በእሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ባሕር ወረደ። ቱርክ በሩን አልከለከለውም፤ ቆንስል “በእውነት የንጉሥ ልጅ ነህን?” ብሎ አልመረመረውም፤ መርከቡም አላነሰውም። አያቱና አባቱ የወጠኑት፣ ኢያሱ የተመኙት መንገድ በአንዲት ሌሊት ተከፈተ። በሐምሌ 1868 ፕሊመዝ ወረደ፤ ወዲያውም ዋይት ወደምትባለው ደሴት ተወስዶ ንግሥት ቪክቶሪያን ኦዝበርን በተባለው ቤተ መንግሥቷ አገኛት። ከሊማሊሞ በላይ የተወለደ ወገን ልጅ፣ ስሙን ከነውኃው ከተረከው “ፍሬሽዋተር” ከሚባል መንደር፣ ግራጫ ባሕር ዳር ተቀመጠ። በዚያ ወራት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችውን ፎቶግራፉን ያየ ሰው ዓይኑን አይረሳውም። ሕፃኑ የሚያየው ፎቶ አንሺዋን አይመስልም።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። ከስፒዲ ጋር ሕንድ ሄደ፤ ተመልሶ ቼልተንሃም፣ ከዚያ ረግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት ገባ። አልተስማማውም። በ1879 መጸው ሊድስ ከአስተማሪው ዘንድ ሳለ የሳንባ ሽፋን ብግነት ያዘው፤ ኅዳር 14 ቀን በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ በማስታወሻዋ፣ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻውን መሞቱ እንዳሳዘናት ጻፈች። ዊንድዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። በመታሰቢያው ነሐስ ላይ እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ሰፍሯል።

እነዚህን ጉዞዎች በአንድ ገመድ አስሬ ስመለከታቸው አንድ ነገር ይታየኛል። ጉዞውን የሚወጥነውና መንገዱን የሚከፍለው ሰው አንድ አይደለም። የፋሲልና የኢያሱ እጅ መንሻ ዝርዝር ውስጥ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ተርታ የተጻፉት ልጆች ስም የላቸውም፤ ማንም “ትሄዳላችሁን?” አላላቸውም። ለዓለማየሁ የምናለቅስ ሰዎች ለእነሱም ልናለቅስ ይገባናል። እሱ የንጉሥ ልጅ ስለሆነ መቃብሩን እናውቃለን፤ የእነሱን አናውቅም።

ደግሞም ነገሩ የድሮ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከጎንደር ወደ ቀዝቃዛው ዳርቻ የሚወጠነው መንገድ በምጽዋ በኩል አያልፍም፤ በመተማ ወርዶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ በሊቢያ በረሃ በኩል ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ሱዳን ራሷ በጦርነት ውስጥ ናት። እኔ በመስኮቴ በኩል ለቤት፣ ለበሬ፣ ለሠርግ የሚወጣውን ገንዘብ አውቃለሁ፤ ለመንገድ የሚወጣውንም አውቃለሁ። ለሠርግ የሚያወጣ አባት ይስቃል፤ ለበሬ የሚያወጣ ይከራከራል፤ ለመንገድ የሚያወጣ ግን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ዝም ብሎ ይሄዳል። ምን ልበለው? የንጉሥ ልመና ያልከፈተውን በር የእሱ ልጅ በደላላ ሊከፍተው ነው። ቴዎድሮስ የጠየቁት ጥያቄ፣ “ሰዎቼ በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ አመቻቹልኝ” የሚለው፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላም መልሱን አላገኘም።

በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት የዓለማየሁ አፅም እንዲመለስ ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ደብዳቤ ጻፉ። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ አጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሳይነካኩ አፅሙን ማውጣት አይቻልም ሲል ዳግመኛ እንቢታውን አስታወቀ። የአባቱ ጠጉር በ2019 ለአገሩ ተመልሷል፤ የልጁም ዘለላ ጠጉር በ2023 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቷል። ጠጉር መጥቷል፤ አጥንት አልመጣም።

ክረምት በገባ ቁጥር ይህን አስባለሁ። በሰሜን ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናም ወደ ተከዜ፣ ተከዜም ወደ ዓባይ፣ ዓባይም ወደዚያ ሩቅ ባሕር ይሄዳል። ውኃ ግን ተመልሶ መምጣቱን ያውቅበታል።

የጠየቀው መንገድ ሳይከፈትለት፣
ልጁን ያልጠየቀው ባሕር ወሰደበት፤
ወንዙስ ዝናም ሆኗል ወርዶ የነበረው፣
ልጅ ነው ከነስሙ እዚያው የቀረው።